ነጋሪቱና እረኛው፦ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃንና የፕሬስ ነፃነት ከአርብ ገበያ ሲታዩ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በኢትዮጵያ ስለ ፕሬስ ነፃነት የሚደረገው ክርክር በአመዛኙ የሚያተኩረው በቅድመ ምርመራ፣ በጋዜጠኞች እስርና በፈቃድ አሰጣጥ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከአዲስ አበባ አውጥቶ በደቡብ ጎንደር ከምትገኘው ከአርብ ገበያ ሆኖ ይመረምረዋል። በሕግ የተፈቀደ ጋዜጣ የማተሚያ ቤቱን በርና መንገዱን ካላለፈ ለገጠሩ አንባቢ እንዳልተፈቀደ ይቆጠራል። ስለዚህም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ላይ የተጣለው ልዩ ልዩ አስተያየቶችን የማስተናገድ ግዴታ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ሌላ ድምፅ ለማይደርሰው ዜጋ ነው የሚል መከራከሪያ ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ የፕሬስ ነፃነት፣ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን፣ ብርሃንና ሰላም፣ አዲስ ዘመን፣ አንቀጽ 29፣ አርብ ገበያ

1. መግቢያ

አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር ዞን የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ናት። ስሟ የዕለቱንና የገበያውን ነገር ይናገራል። በአዲስ አበባ የታተመ ጋዜጣ በባሕር ዳር መንገድ ወደዚህች ከተማ ይድረስ ቢባል ዓባይን ተሻግሮ፣ ባሕር ዳርን፣ ወረታንና ደብረ ታቦርን አልፎ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል። ዕለታዊ ጋዜጣ በዚህ ርቀት ላይ ዕለታዊነቱን ያጣል፤ በግለሰብ ገንዘብ የሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ ደግሞ የማጓጓዣውን ወጪ የሚሸፍን የአንባቢ ቁጥር በአንዲት የወረዳ ከተማ ውስጥ አያገኝም።

ስለ ፕሬስ ነፃነት የሚቀርቡ ዓለም አቀፍ መለኪያዎች ይህን ርቀት እምብዛም አያሳዩም። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት በሚያወጣው የ180 አገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. 150ኛ ነበረች። በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ 99ኛ ከፍ አለች፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ወደ 145ኛ ወረደች። ይህ መውጣትና መውረድ በአዲስ አበባ ጋዜጠኛ ሕይወት ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። በአርብ ገበያ ያለው አድማጭ ግን ደረጃው ከፍ ባለበትም ሆነ ባሽቆለቆለበት ዓመት በአብዛኛው የሚሰማው ያንኑ ድምፅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፤ የፕሬስ ነፃነት ከጸሐፊው ሳይሆን ከተቀባዩ አንጻር ቢለካ ምን ይመስላል?

ጽሑፉ በሕጎችና በታወቁ የታሪክ ክንውኖች ትንተና ላይ የተመሠረተ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ የተለየ ምልክት ካልተደረገባቸው በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

2. ነጋሪቱና እረኛው

ጋዜጣ ከመምጣቱ በፊት ቤተ መንግሥትና ሕዝብ ቃል የሚለዋወጡባቸው ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው አዋጅ ነው። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማል፤ ሰሚውም ሰምቶ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ገበያ ለዚህ ተግባር የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከየአቅጣጫው የመጣው ገበያተኛ የሰማውን ይዞ ወደየአቅጣጫው ስለሚበተን፣ አንድ ጊዜ የተነገረ ቃል በአንድ ሌሊት አገር ያዳርሳል። ነገር ግን አዋጅ መልስ አይጠይቅም።

ሁለተኛው መንገድ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ነበር። መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል። እረኛ በመስክ፣ አዝማሪ በግብር አዳራሽ፣ አልቃሽ በለቅሶ ላይ ፊት ለፊት የማይባለውን በሰምና ወርቅ ይሉት ነበር። ገዢው ይህን ድምፅ የሚያዳምጠው ከደግነት የተነሣ ብቻ አልነበረም፤ ከመንበሩ ሆኖ የማያየውን የሕዝብ ስሜት የሚያውቅበት ሌላ መሣሪያ ስላልነበረው ጭምር ነው።

የኅትመት ዘመን ሲመጣ የመጀመሪያው መንገድ ወዲያው ወራሽ አገኘ። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕግ ማወጃ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ መሰየሙ ውርሱን በግልጽ ያሳያል። ሁለተኛው መንገድ ግን በኅትመት ዓለም ውስጥ የራሱን ቤት ለማግኘት ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። የአገራችንን የፕሬስ ታሪክ የእነዚህን ሁለት መንገዶች አለመመጣጠን እየተከተሉ ማንበብ ይቻላል።

3. ከቤተ መንግሥት የተወለደ ጋዜጣ

በቅኝ ግዛት በኖሩ የአፍሪካ አገሮች የአገሬው ተወላጅ ጋዜጣ በአብዛኛው ከተቃውሞ ጋር የተቆራኘ ነው። በናይጄሪያ ናምዲ አዚኪዌ በ1937 እ.ኤ.አ. ዌስት አፍሪካን ፓይለትን፣ በጎልድ ኮስት ክዋሜ ንክሩማ በ1948 እ.ኤ.አ. አክራ ኢቭኒንግ ኒውስን ሲያቋቁሙ፣ ጋዜጣው የባዕዱን አገዛዝ መሞገቻ ነበር። በእነዚህ አገሮች የፕሬስ ነፃነትና የአገር ነፃነት አንድ ጥያቄ ሆነው ተነሡ። ነፃነት ከመጣ በኋላ አዲሶቹ መንግሥታት ራሳቸው ጋዜጦችን መጫናቸው እውነት ነው፤ ቢሆንም መንግሥትን የሚሞግት ጋዜጣ በትውልዱ ዘንድ የተከበረ ትዝታ ሆኖ ቆየ።

የኢትዮጵያ መነሻ ከዚህ ይለያል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በእጅ እየተጻፈ ይሠራጭ የነበረ የዜና ወረቀት ከብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም ስም ጋር ይያያዛል። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ የሚባለውን አእምሮን ያዘጋጀው አንድርያስ ካቫድያስ የተባለ ግሪካዊ ሲሆን፣ ስሙን ያወጡለት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ያቋቋሙት ማተሚያ ቤትና በ1917 ዓ.ም. የጀመረው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ለዘመኑ ምሁራን ሰፊ የውይይት ስፍራ ሆኑ። ስለ ትምህርት፣ ስለ ባርነት መቅረት፣ ስለ አስተዳደር መሻሻል በድፍረት ተጻፈ። ድፍረቱ ግን የለውጡ ደጋፊ ከነበሩት ከባለ ማተሚያ ቤቱ ፍላጎት ጋር የሚሄድ ነበር።

ኢጣልያ አገሪቱን በያዘችባቸው ዓመታት ይህ ማዕድ ታጠፈ። ወራሪው በአማርኛ «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የተባለ ጋዜጣ አሳተመ፤ በወረራው ማብቂያ ዋዜማ ደግሞ በእንግሊዞች የፕሮፓጋንዳ ክፍል «ባንዲራችን» ታትሞ ወደ አርበኞችና ወደ ሕዝቡ ተሠራጨ። አንዱ ለማስገበር፣ ሌላው ለማስነሣት የቆሙ ቢሆኑም፣ ሁለቱም ጋዜጣን የጦርነት መሣሪያ አድርገው ለአንባቢው አስተዋወቁት። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ከተመለሱ አንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን የመጀመሪያ ዕትሙን አወጣ። ስሙ ነፃነትን ያበሥራል፤ ባለቤቱ ግን መንግሥት ነበር፤ ዛሬም ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የመናገርንና የኅትመትን ነፃነት በሕግ መሠረት እንደሚፈቅድ ቢደነግግም፣ የሚጽፈው እጅና የሚፈቅደው እጅ አንድ ሆኖ ቀጠለ።

ከዚህ የምናገኘው መደምደሚያ ጥንቃቄ ይሻል። ኢትዮጵያ በቅኝ አለመገዛቷ የፕሬስ ዕድገቷን ጎድቶታል ማለት አይደለም። ሆኖም ባዕድ ገዢን በመሞገት ያደገ ጋዜጣ ባልነበረበት አገር፣ መንግሥትን የሚተች ጽሑፍ የአገር ወዳድነት ምልክት ተደርጎ የሚታይበት ልማድ ሳይደላደል ቀረ። መንግሥትን መተቸት አገርን ከመንቀፍ ጋር ሲምታታ የኖረበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

4. በችሮታ የተከፈተ መድረክ

የመንግሥት ጋዜጣ የሐሳብ ልዩነትን ማስተናገድ በተፈጥሮው አይችልም የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ይሰማል። የ1968 ዓ.ም. ታሪክ ይህን ያስተባብላል። በዚያ ዓመት በአዲስ ዘመን ላይ «አብዮታዊ መድረክ» በተባለው ዓምድ የኢሕአፓና የመኢሶን አስተሳሰብ ደጋፊዎች በብዕር ስም እየጻፉ ተከራከሩ። ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ወይስ አይቋቋም፣ ዴሞክራሲ ያለ ገደብ ይሁን ወይስ በገደብ የሚሉት ጥያቄዎች በመንግሥት ወረቀት፣ በመንግሥት ቀለም ታተሙ።

ይሁንና መድረኩን ያቆመው ሕግ አልነበረም። የከፈተው ሥልጣን ሲያሻው ሊዘጋው ይችል ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ክርክሩ ከጋዜጣ ገጽ ወጥቶ በጥይት ቀጠለ። «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የተባሉት የድርጅቶቹ ልሳኖችም በኅቡዕ ወረቀትነታቸው ይታወሳሉ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ሲያሠራጭ የነበረው የሉተራውያን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያም በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወረሰ።

ከዚህ ክንውን ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ የመንግሥት ጋዜጣ ተቃራኒ ሐሳቦችን ጎን ለጎን ማተም ይችላል፤ አድርጎታልም። ሁለተኛ፣ በችሮታ የተሰጠ መድረክ መብት አይደለም። ችሮታ የሰጪው ነው፤ መብት ግን የተቀባዩ ነው። እንዲያውም በችሮታ የተከፈተ መድረክ ለተናጋሪው አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ሐሳቡን ገልጦ ካስነበበ በኋላ የሚከልለው ሕግ አያገኝምና።

5. የተፈቀደው ጋዜጣና የማተሚያ ቤቱ በር

የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን አስቀረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ይህንኑ አጸና። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች በዙ፤ በአራት ኪሎና አካባቢው ጋዜጣ ገዝቶ ማንበብ ያልቻለ በኪራይ የሚያነብበት ልማድ ተፈጠረ። እረኛው በኅትመት ዓለም ቤት ያገኘ መሰለ።

ነገር ግን ጽሑፍ ጋዜጣ የሚሆነው ሲታተም ነው። ቅድመ ምርመራው ሲቀር የማተሚያ መኪናው የመንግሥት እንደ ሆነ ቆየ። አብዛኞቹ የግል ጋዜጦች፣ አዘጋጆቻቸው ምንም ያህል ቢለያዩ፣ የሚታተሙት አልጋ ወራሹ ባቋቋሙት በዚያው በብርሃንና ሰላም ነበር። ከምርጫ 97 በኋላ በርካታ ጋዜጦች ተዘግተው ጋዜጠኞች መታሰራቸው ይታወቃል። ብዙም ያልተጠናው ግን ዝምተኛው መንገድ ነው። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ማተሚያ ቤቱ ለአሳታሚዎች ያቀረበው የኅትመት ውል፣ ሕግን ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት ለአታሚው የሚሰጥ ነበር። አሳታሚዎች ተቃወሙት፤ ተቃውሟቸውም ምክንያት ነበረው። ዳቦ ጋጋሪ ስለ ስንዴው ጥራት ሊጠይቅ ይችላል፤ አታሚ ግን የጽሑፉን ሕጋዊነት ሲመዝን በአዋጅ የቀረው መርማሪ በውል ተመልሶ ይገባል።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የሆነው ነገሩን በተግባር አሳየ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕመም ዋና መነጋገሪያ በነበረበት ሰሞን፣ በሠላሳ ሺህ ቅጂ ገደማ የታተመው የፍትሕ ጋዜጣ ዕትም እንዳይሠራጭ ታግዶ ቀረ፤ ጋዜጣውም ከዚያ በኋላ የሚያትምለት አጥቶ ተቋረጠ። ጋዜጣው ተጽፏል፤ ታትሟልም። ያልሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከማተሚያ ቤቱ በር አልወጣም። የአዋጅ ቁጥር 590/2000 ዐቃቤ ሕግ የኅትመት ውጤት እንዳይሠራጭ ሊያግድ የሚችልበትን ሁኔታ ማካተቱም ሕጉ ራሱ ይህን በር እንደሚያውቀው ይመሰክራል።

ስለዚህ የፕሬስ ነፃነት የመጻፍ ነፃነት ብቻ አይደለም። የመጻፍ፣ የማሳተምና የማድረስ ሦስት ደጆች አሉት። የሕግ ክርክራችን በአመዛኙ በመጀመሪያው ደጅ ላይ ቆሟል።

6. ወደ አርብ ገበያ የሚደርሰው

ሦስተኛው ደጅ የገጠሩ አንባቢ ደጅ ነው። ከአዲስ አበባው የማተሚያ ቤት በር የወጣ ጋዜጣ እንኳ የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ተራሮች ወጥቶ አይወርድም። ወደዚያ የሚደርሰው በዋነኛነት የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ የሬዲዮ ታሪክ ደግሞ ከጋዜጣው ይበልጥ የመንግሥት ታሪክ ነው። የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178/1991 የግል ሬዲዮን ቢፈቅድም፣ ሸገርና ዛሚ የተባሉት ቀዳሚ የግል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሥራ የጀመሩት በአዲስ አበባ ነው። በክልሉ መንግሥት የሚተዳደሩት በኩር ጋዜጣና የአማራ ሬዲዮ ቋንቋውንና አካባቢውን ይዘው ወደ ሕዝቡ ቀርበዋል። ይህ ቀላል አስተዋፅኦ አይደለም፤ የግብርና፣ የጤናና የትምህርት መረጃ በዚህ መንገድ ደርሷል። ሆኖም ለአንድ ወረዳ ነዋሪ የአስተዳደሩን ዕቅድ የሚነግረውም፣ የዕቅዱን አፈጻጸም የሚነግረውም አንድ ባለቤት ሲሆን፣ ነጋሪቱ በሞገድ ተተካ እንጂ እረኛው አልተጨመረም።

ሁለተኛ ድምፅ ለረጅም ጊዜ የመጣው ከባሕር ማዶ ነበር። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ሥርጭት ከ1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ደግሞ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በአጭር ሞገድ ገጠሩን አዳርሰዋል። ይህ ድምፅ ግን በሁለት ወገን ልጓም የተያዘ ነበር። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት የማወክ ሙከራ መደረጉን በይፋ አመኑ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ በወሰደው እርምጃ የጣቢያው ሥርጭት ተቋረጠ። የአንድ ኢትዮጵያዊ ገበሬ ሁለተኛ ድምፅ በዋሽንግተን ውሳኔ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሲጀመርም በመብት የተያዘ አልነበረም ማለት ነው።

የእጅ ስልክና ኢንተርኔት ይህን ችግር አስወግደውታል የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። መልሱ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት በርትቶ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ሰው የትኛው መንገድ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደ ሆነ፣ ዘመዱ ያለበት ቀበሌ ሰላም ይሁን አይሁን ለማወቅ ከሁሉ አብልጦ መረጃ በሚሻበት ወቅት፣ የተገኘው ይፋዊው መግለጫና የመንገድ ወሬ ነበር። ወሬ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ መግለጫም ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። አንዱን በሌላው የሚመዝንበት ሦስተኛ ምንጭ የሌለው ሰው የሚያምነውን የሚመርጠው በማስረጃ ሳይሆን በፍርሃቱ ወይም በተስፋው ነው። በግጭት ቀጣና ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

7. ግዴታውን ማን ያስፈጽም? የጋና ንጽጽር

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል። የ1968ቱን መድረክ ከችሮታ ወደ መብት የሚያሸጋግረው ድንጋጌ ይህ ነው። ለአዲስ አበባ አንባቢ ድንጋጌው ከብዙ ዋስትናዎች አንዱ ነው፤ ለአርብ ገበያ አድማጭ ግን ዋነኛው ዋስትና ነው።

የጋና ሕገ መንግሥት (1992 እ.ኤ.አ.) በአንቀጽ 163 ተመሳሳይ ግዴታ ይጥላል፤ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ለተለያዩና ለተቃራኒ አስተያየቶች ፍትሐዊ ዕድል እንዲሰጡ ያዝዛል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋና ግዴታውን በባዶ ሜዳ አልተወችውም፤ ብሔራዊ የመገናኛ ብዙኃን ኮሚሽን አቋቁማ የመንግሥትን መገናኛ ብዙኃን ከመንግሥት ቁጥጥር የመከለልን ኃላፊነት ሰጠችው። የእነዚህን ተቋማት የቦርድ አባላት የሚሾመውም ይኸው ኮሚሽን ነው። የጋና አሠራር እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም፤ ግዴታውና የግዴታው ጠባቂ በአንድ ሰነድ ውስጥ መገናኘታቸው ግን ትምህርት ይሆነናል።

በእኛ ዘንድ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በአዋጅ ቁጥር 858/2006 ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኗል። አንድ የፖለቲካ ኃይል ምክር ቤቱንም አስፈጻሚውንም በሚይዝበት ሁኔታ ይህ ተጠሪነት ከአስፈጻሚው የሚለይ አጥር አይሆንም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ለተቆጣጣሪው አካል ነፃነት ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የተደረገው ማሻሻያ ግን የቦርዱን ሥልጣኖች ወደ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ በማሸጋገሩ አጥሩን አሳስቶታል።

8. መደምደሚያ

ይህ ጽሑፍ የጋዜጠኛውን ደኅንነትና የግል ፕሬሱን ህልውና ሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥ አይደለም። ጋዜጠኛ በሚታሰርበት አገር የመድረስ ጥያቄ ራሱ ትርጉም ያጣል። የጽሑፉ መከራከሪያ እነዚህ ቢሟሉ እንኳ የገጠሩ ዜጋ ጥያቄ እንዳልተመለሰ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የፌዴራልም ሆነ የክልል የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ቦርዶች አሿሿም ከአስፈጻሚው እጅ የሚወጣበት ሕግ ሊታሰብ ይገባል። ሁለተኛ፣ የኅትመት አገልግሎትን በብቸኝነት ወይም በዋናነት የሚሰጥ የመንግሥት ድርጅት ይዘትን የመመዘን ሥልጣን በውል እንዳይወስድ በግልጽ መከልከል አለበት። ሦስተኛው ለእኛ ለተመራማሪዎች የሚቀር ሥራ ነው። የአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 ግዴታ መፈጸሙ በአዋጅ ንባብ ሳይሆን በቆጠራ ይታወቃል። በተመረጡ ወራት የወጡ የአዲስ ዘመንና የበኩር ዕትሞች ተወስደው፣ በእያንዳንዱ ዜና ውስጥ ስንት ኃላፊ፣ ስንት ነዋሪ፣ ስንት የተለየ አስተያየት ያለው ሰው እንደ ተናገረ ቢቆጠር፣ የትኛው ወረዳ ስንት ጊዜ በራሱ ነዋሪ አንደበት እንደ ተነገረ ቢመዘገብ፣ ክርክራችን ከስሜት ወደ ማስረጃ ይሸጋገራል። ይህ በአንድ የማስተርስ ጥናት ዓቅም የሚሠራ ነው።

በቀድሞው ሥርዓት እረኛውን ማዳመጥ የመኳንንቱ ፈቃድ ነበር። ዛሬ በግብር ከፋዩ ገንዘብ የሚሠራው ማይክሮፎን እረኛውንም እንዲያሰማ ሕገ መንግሥቱ አዟል፤ ግብር ከፋዩ ደግሞ በአርብ ገበያም አለ።